ዜና ሐይቅ ወአምባ ግሸን

በሐይቅና በአምባሰል አገር ሁለት የታጠሩ ቦታዎች አሉ፤ አንዱን ውኃ አጥሮታል፣ ሁለተኛውን ገደል። ውኃ ያጠረው ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ሐይቅ እስጢፋኖስ ነው። ገደል ያጠረው ከሱ በስተሰሜን ምዕራብ፣ በአምባሰል ተራሮች መካከል የቆመው አምባ ግሸን ነው። የምንተርከው የነገሥታትን ዜና ነው፤ ነገር ግን በዙፋኑ አጠገብ ቆመን ሳይሆን በነዚህ በሁለቱ ቦታዎች ቆመን ነው። የኢትዮጵያ ንጉሥ ከመኳንንቱ፣ ከካህናቱና ከወንድሞቹ ሁሉ ተለይቶ ብቻውን ከፍ ሊል የበቃው በረከቱን ከሐይቁ ተቀብሎ፣ የሥጋ ዘመዱን በአምባው ላይ ዘግቶ ነውና።

አስቀድመን የሐይቁን እንናገር፤ ቅድምናው የሱ ነው። በ1240 ዓ.ም. አንድ መነኩሴ ከደብረ ዳሞ ተነሥተው ወደዚህ ውኃ መጡ። ስማቸው ኢየሱስ ሞዐ ይባላል፤ ትውልዳቸው ከበጌምድር፣ ከዳህና ነው። በደብረ ዳሞ በአባ ዮሐኒ ሥር ሲያገለግሉ መጻሕፍት መገልበጥን እጃቸው ለምዶ ነበርና፣ በደሴቲቱ ላይ ያቆሙት ማኅበር ከጸሎቱ ጋር ብራና የሚፋቅበት፣ ቀለም የሚበጠበጥበት፣ ብርዕ የሚቀረጽበት ቤት ሆነ። ኋላ በሸዋ ስማቸው የገነነው አቡነ ተክለ ሃይማኖት ሳይቀሩ ከዚህ ተምረዋል። በ1273 ዓ.ም. የተጻፈው የገዳሙ አራቱ ወንጌል እስከ እኛ ዘመን ደርሷል። በመጽሐፉ ውስጥ የአባ ኢየሱስ ሞዐ ሥዕል አለ፤ እሳቸው በ1286 ዓ.ም. ስላረፉ ሥዕሉ የተሣለው በሕይወት ሳሉ ነው ማለት ነው። ንጉሥ ያልሆነ ሰው፣ ገና በእግሩ ሲመላለስ፣ መልኩ በወንጌል ብራና ላይ እንዲያርፍ መደረጉ የዚያን ደሴት ክብር ከብዙ ቃል ይልቅ ይናገራል። ደሴቲቱ ዛሬ ከየብስ ተያይዛለች፤ ሴት ግን እንደ ጥንቱ ወደ ገዳሙ አትገባም።

የገዳሙ ትውፊት እንደሚለው ይኩኖ አምላክ በልጅነታቸው በዚህ ደሴት አድገዋል፣ ከአባ ኢየሱስ ሞዐም ፊደል ቆጥረዋል። በ1262 ዓ.ም. የዛጔውን ንጉሥ ድል ነሥተው መንግሥቱን ሲይዙ የሰሎሞን ዘር ነኝ ብለው ነበርና፣ ለዚህ ቃል ምስክር የሚሆን ቤተ ክርስቲያን አስፈለጋቸው። ገዳሙም መሰከረ። ዋጋው ትልቅ ነበር፤ ርስትና ጉልት ከመሰጠቱም ሌላ የሐይቅ አበምኔት ዐቃቤ ሰዓት ተብሎ በቤተ መንግሥት ማዕረግ ተቀመጠ። ዐቃቤ ሰዓት ማለት ሰዓት ጠባቂ ማለት ነው። ይህ ስም ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ጦር የያዘው ሌላ ነው፣ ግብር የሚሰበስበውም ሌላ ነው፤ የደሴቱ መነኩሴ የያዘው የንጉሡን ጊዜ ነው። ንጉሥ ዘንድ ለመግባት ደጅ ለሚጠና ሰው ከዚህ የሚበልጥ ሥልጣን የለም።

በረከት ግን የወንድማማችን ጠብ አያስቀርም። ይኩኖ አምላክ በ1277 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ልጃቸው ይግብአ ጽዮን ነገሡ። እሳቸውም በ1286 ባረፉ ጊዜ ዙፋኑ ልክ እንደ ተራ ጠባቂ ወንበር ሆነ። ከዚያ ዓመት እስከ 1291 ባለው ጊዜ ውስጥ አምስት ነገሥታት ተፈራረቁ። አገር ማንን አባት ብሎ እንደሚጠራ ግራ ገባው፤ ግብሩን ለአንዱ ያገባ ገበሬ በማግሥቱ ለሌላው ይጠየቃል። የአምባ ግሸን እስር የተጀመረው በነዚህ ክፉ ዓመታት ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። በማንም ይጀመር በማን፣ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ የነገሠው አንዱ እንዲጸና ሌሎቹ ሁሉ ከዓይን እንዲጠፉ ተፈረደ።

አምባው ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። በዙሪያው ገደል ነው፤ ከላይ ሲያዩት መስቀልኛ ሆኖ አራት ክንፍ አለው፤ መውጫው አንድ ጠባብ በር ነው። ያን በር የያዘ ጥቂት ሰው ከታች የሚመጣውን ብዙ ሰው ይመልሳል፤ ከላይ የሚወርደውንም እንዲሁ። በዚህ ላይ የነገሥታት ልጆች፣ የልጅ ልጆች፣ ያልነገሡ አጎቶች፣ ሊነግሡ ይችሉ የነበሩ ወንድሞች ሁሉ ይኖሩ ነበር። ሚስት ያገባሉ፣ ልጅ ይወልዳሉ፣ መዝሙረ ዳዊት ይደግማሉ፤ የተወለደውም ልጅ የእስሩ ወራሽ ይሆናል። ምግባቸውና ልብሳቸው ከንጉሡ ይመጣል። ንጉሡ ልጅ ሳይተካ ወይም ጠብ ሳይበርድ ሲሞት ደግሞ መኳንንቱ ወደዚሁ አምባ ይልካሉ፤ ትናንት የተዘነጋው እስረኛ ከበሩ ወጥቶ ዘውድ ይጭናል። አፄ ናዖድ በ1486 ዓ.ም. እንዲህ ሆነው ነው ከግሸን ወርደው የነገሡት።

በዓለም የነበሩ ሌሎች ነገሥታትም በዚሁ ነገር ተጨንቀዋል። የኦቶማን ቱርክ ሱልጣን መሐመድ 3ኛ እ.ኤ.አ. በ1595 ሲነግሥ 19 ወንድሞቹን በአንድ ጊዜ አሳንቆ አስገደለ። የኛ ነገሥታት ደም ከማፍሰስ መዝጋትን መረጡ። ይህን ምሕረት ለማለት ግን ልቤ አይቀበለውም፤ ምክንያቱንም የፖርቱጋሉ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጽፎ ትቶልናል።

አልቫሬዝ ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን በአገራችን ቆይቷል። በአምባው አቅራቢያ ሲያልፉ የአምባው ጠባቂዎች እሱንና ጓደኞቹን በድንጋይ እንዳሳደዷቸው ይናገራል፤ ያለ ፈቃድ የቀረበ ሰው እጅና እግሩ ይቆረጣል፣ ዓይኑ ይወጣል ተብሎ ሕግ ነበርና። አንድ መነኩሴ ከታሰሩት መሳፍንት ዘንድ መልእክት ይዞ ወደ ንጉሡ ስለመጣ ብቻ ሲገረፍ፣ ከሱም ጋር ጠባቂዎቹ ሲገረፉ በዓይኑ አይቷል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን የልጁ ነገር ነው። የልብነ ድንግል ወንድም፣ የ16 ዓመት ልጅ፣ ከአምባው አምልጦ ወደ እናቱ ቤት መጣ። እናቲቱ የንጉሥ ሚስት የነበረች ናት፤ ነገር ግን ያመለጠን የተቀበለ ሞት ይፈረድበታልና ልጇን ይዛ ለንጉሡ አስረከበች። ንጉሡም ለምን ሸሸህ ብሎ ጠየቀው። ልጁ በረኃብ ልሞት ነው፤ ይህን የሚነግርልኝ ሰው ስላጣሁ ራሴ መጣሁ አለ። ንጉሡ ሐር አለበሰው፣ ወርቅ ሰጠውና ወደ አምባው መለሰው።

እስቲ ያችን እናት አስቧት። ዓመታት ሙሉ ያላየችው ልጅ በሌሊት በሩን ሲያንኳኳ፣ በእሳቱ ብርሃን ፊቱን ስታየው፣ ከዚያም ጋቢዋን ደርባ እጁን ይዛው ወደ ቤተ መንግሥት ስትሄድ። ይህን ያደረገችው ጨካኝ ስለሆነች አይመስለኝም። የአንድ ሰው ሥልጣን እስከዚህ ድረስ፣ እስከ እናት እልፍኝ ድረስ ገብቶ ነበር።

አሁን ወደ ነገሩ ራስ እንመለስ።

አፄ ዐምደ ጽዮን ከ1306 እስከ 1336 ዓ.ም. ነግሠው ጦሩን በእጃቸው አደረጉ፣ የይፋትን ኃይል ሰበሩ፣ የገሠጿቸውን መነኮሳት አሳደዱ። በልጅ ልጃቸው በአፄ ዳዊት ዘመን ደግሞ ውኃውም እንደ ገደሉ ሰው መያዝ እንደሚችል ታየ። ቅዳሜ እንደ እሑድ ይከበር የሚሉት የአባ ኤዎስጣቴዎስ ልጆች በቤተ መንግሥት ተጠርተው፣ አለቃቸው የደብረ ቢዘኑ አቡነ ፊልጶስ በ1392 ዓ.ም. በሐይቅ ደሴት ታሰሩ፤ አራት ዓመት ከዚያ ቆዩ። የንጉሡ በረከት ምንጭ የነበረው ገዳም የንጉሡ ወኅኒ ቤት ሆነ። የሐይቅ መነኮሳት ከኤዎስጣቴዎስ ልጆች ጋር በሰንበት ነገር አይስማሙም ነበርና እስሩን አልጠሉትም። ቀኑ እንደሚዞርባቸው አላወቁም።

አፄ ዳዊት በ1404 ካረፉ በኋላ ልጃቸው ቴዎድሮስ ጥቂት፣ ይስሐቅ ብዙ ዓመት ነገሡ። ከይስሐቅ በኋላ ደግሞ በአምስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ አራት ነገሥታት ወደቁ። በዚያን ጊዜ፣ በ1426 ዓ.ም.፣ የዳዊት ልጅ ዘርዐ ያዕቆብ ነገሡ። እሳቸውም በግሸን ታስረው ነበር ይባላል። ዘመናቸውን ሁሉ የሠሩትን ሥራ ስንመለከት ይህን ማመን አይከብድም፤ ሰውን ማመን እንዳይቻል በልጅነቱ የተማረ ሰው ሥራ ይመስላልና።

ዘርዐ ያዕቆብ ያደረጉትን በኛ አገር ከሳቸው በፊት ማንም አላደረገውም። በቀኝና በግራ ሆነው መንግሥቱን ይደግፉ የነበሩትን ሁለቱን ቢትወደዶች ወንበር ለሴቶች ልጆቻቸው ለመድኅን ዘመዳና ለብርሃን ዘመዳ ሰጡ። የየአገሩን ግዛት ከባላባቶቹ ነጥቀው ለቤተ ዘመዳቸው ሴቶች አከፋፈሉ፤ ኋላ ከነሱም ወስደው ለራሳቸው በሚታዘዙ ሹማምንት አስያዙ። ጨዋ የሚባለውን ሠራዊት ከተወለደበት አገር አንሥተው በሩቅ አገር አሠፈሩት፤ ወታደሩ ከባላገሩ ጋር ዝምድና ስለሌለው ዓይኑ ወደ ንጉሡ ብቻ ይመለከታል። በ1429 በአክሱም እንደ ጥንቱ ሥርዓት ዘውድ ጫኑ። በ1438 ዓ.ም. በልደት ቀን በጎሚት የአዳሉን ሱልጣን በድላይን ድል ነሡ። ከዚያ ወዲያ በውጭም በውስጥም የሚገዳደራቸው አልተገኘም።

ነፍስንም ሊገዙ ፈለጉ። ሰው ሁሉ በግንባሩ ላይ የሥላሴን ስም፣ በእጁ ላይ ሰይጣንን የሚክድበትን ቃል ጽፎ እንዲሄድ አዘዙ፤ ያልጻፈ ቤቱ ይወረሳል፣ ራሱም ይቀጣል። ለሥዕለ ማርያምና ለመስቀል አንሰግድም ያሉትን የአባ እስጢፋኖስን ደቀ መዛሙርት እጅግ አስጨነቋቸው። በ1442 ዓ.ም. በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ አደረጉ፤ ከግብፅ የመጡት ሁለቱ ጳጳሳት አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤል ባሉበት ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ። እነሆ የአቡነ ፊልጶስ እምነት አሸነፈ፤ የሐይቅ ክርክር ወደቀ። ዳኛው ግን ገዳም አልነበረም፣ ጳጳስም አልነበረም። ንጉሡ ራሳቸው መጻሕፍት ያስጽፉ ነበርና፣ ምን እንደሚታመን ከቤተ መንግሥት ወጣ። የእንግሊዙ ሄንሪ 8ኛ እ.ኤ.አ. በ1534 የአገሩ ቤተ ክርስቲያን ራስ እኔ ነኝ ብሎ ሲያውጅ የኛው ንጉሥ ካረፉ 66 ዓመት ሆኗቸው ነበር።

በደብረ ብርሃን፣ በሌሊት ሰማይ ላይ ብርሃን በታየበት ቦታ ከተማ ሠርተው 12 ዓመት ተቀመጡ። ከሳቸው በፊት የነበሩት ነገሥታት ድንኳን ነቅለው ድንኳን ሲተክሉ የሚኖሩ ነበሩ፤ እሳቸው ተቀመጡ፣ አገሩ ወደሳቸው ተጓዘ። ግቢው በአጥር ላይ አጥር የተደረበበት ነው። በውስጥ የሚያገለግሉት ብላቴኖች ወደ ውጭ ሰው ቤት ገብተው መብላትና መጠጣት ተከልክለዋል፤ የንጉሡን ነገር እንዳያወጡ። ዜና መዋዕላቸው እንደሚተርከው ካህናት ከምሽት እስከ ንጋት፣ ከንጋት እስከ ምሽት ጸሎት እየደገሙ ቤቱን ጠበል ይረጩ ነበር፤ ጠንቋዮች ይመቀኙኛል ብለው ይፈሩ ነበርና። በዚህች ነገር ላይ ጥቂት ልቁም። በዚያን ጊዜ ከቀይ ባሕር ዳር እስከ ደዋሮ ድረስ የሚያዝዝ ጌታ በገዛ እልፍኙ እንቅልፍ አጥቶ፣ እርጥብ ወለል ላይ ተቀምጦ፣ ጠበል የሚረጨውን ቄስ ድምፅ እያዳመጠ ያድራል። ወደዚያ እልፍኝ ከሚገቡት ጥቂቶች አንዱ ዐቃቤ ሰዓት ዐምኀ ጽዮን ነበሩ። ሐይቅ አሁንም ከበሩ ላይ አለ፤ በሩ ግን ጠቧል።

ፍርሃቱ ወደ ቤት ገባ። ዘርዐ ጽዮን የሚባል ሰው ከነጓደኞቹ ይህ ጣዖት አመለከ፣ ያ ደስክ ለሚባለው ጋኔን ሰገደ እያለ ሰውን በሐሰት ይከስስ ነበር። በዚህ ክስ የንጉሡ የገዛ ልጆች፣ ወንዶቹም ሴቶቹም፣ ተገርፈው ሞቱ። ቀጥሎ ወረፋው የልጃቸው የበእደ ማርያም እናት ሆነ። ጽዮን ሞገሳ ትባላለች። ልጅሽን ልታነግሺ ትመክሪያለሽ ተብላ ተመታች፤ ከምቱም የተነሣ ሞተች። በስውር ቀበሯት። ልጇ ግን የእናቱን መሞት ሰማና ዕጣንና ጧፍ ይዞ ወደ ተቀበረችበት ቤተ ክርስቲያን ላከ። ንጉሡ ይህን ሲሰሙ ተቆጡ፤ ማን ሞተች ብለህ ነው ጧፍ የምታበራው ብለው አስጠየቁት፣ አሰሩት። የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ገብተው ባይለምኑ ኖሮ በእደ ማርያም የወንድሞቹን መንገድ በሄደ ነበር። ለሞተች እናት የሚበራ አንድ ጧፍ በመንግሥት ላይ እንደ ማመፅ ሲቆጠር፣ ያ መንግሥት ምን ያህል ከፍ እንዳለ፣ ምን ያህልም ብቻውን እንደቀረ ያያል አንባቢ።

ስለ አምባውም በዚሁ ዘመን ሌላ ነገር ሆነ። አፄ ዳዊት ከግብፅ ያስመጡት የጌታ መስቀል ግማድ ማረፊያ አጥቶ ሲዞር ቆይቶ፣ ዘርዐ ያዕቆብ በሕልም በታዘዙት መሠረት በመስቀልኛው አምባ በግሸን አኖሩት ይላል የደብሩ ትውፊት። ስለዚህ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ከአራቱም ማዕዘን ሰው ወደ ደብረ ከርቤ ግሸን ማርያም ይጎርፋል። እንግዲህ እዩት፤ አንድ ንጉሥ እጅግ የሚያከብረውንና እጅግ የሚፈራውን በአንድ በር ዘጋ። መስቀሉንም የወንድሞቹን ልጆችም የሚጠብቀው ያው አንድ በር ነበር። ዛሬ ተሳላሚው በጠባቡ መግቢያ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍቶ እልል እያለ ሲገባ ሳይ፣ በዚሁ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ወደ ታች የተመለከቱት እኒያ ስማቸው ያልተጻፈ ልጆች ትዝ ይሉኛል። ከዚያ ከፍታ አገር ሁሉ ይታያል፤ በለሱ፣ የጤፉ ማሳ፣ ጢሱ። መውረድ ብቻ አልተፈቀደም።

ዘርዐ ያዕቆብ በ1460 ዓ.ም. መጨረሻ ዐረፉ። ይህ እ.ኤ.አ. 1468 ነው። በዚያው ዓመት በጥቅምት የፈረንሳዩ ሉዊ 11ኛ በፔሮን ግንብ በገዛ መስፍኑ፣ በቡርጎኙ ቻርልስ እጅ ተይዞ የጠየቁትን ሁሉ ለመፈረም ተገዷል። በአውሮፓ መኳንንት ንጉሣቸውን በግንብ በሚይዙበት ሰዓት በኛ አገር መኳንንት የንጉሡን ጥላ ይፈሩ ነበር። ነገር ግን የፈረንሳዩ ሥራ በቀስታ ቀጠለ፤ የኛው ከባለቤቱ ጋር ተቀበረ። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ዘርዐ ያዕቆብ ሁሉን በራሳቸው ላይ ሰበሰቡ እንጂ የሚቀጥል ጽሕፈት ቤት፣ በደመወዝ የሚኖር ሹም፣ ልጅ ቢነግሥ የሚሠራ ሥርዓት አልተዉም። በእደ ማርያም እንደ ነገሡ እስረኞችን ፈቱ፣ የጥንቱን ሹመት ለየአገሩ መለሱ። የእናታቸው ጧፍ ያስተማራቸው ይመስለኛል። ከዐሥር ዓመት በኋላ ሲያርፉ ልጃቸው እስክንድር ገና ሕፃን ነበርና፣ መንግሥቱን ከንግሥት ሮምና ጋር ሆነው የያዙት ቢትወደድ ዐምደ ሚካኤልና ዐቃቤ ሰዓት ተስፋ ጊዮርጊስ ናቸው። አያቱ ከደጅ ያቆሙት ሐይቅ በልጅ ልጅ ዘመን ከአልጋው ራስጌ ተቀመጠ።

የሁለቱም ቦታ መከራ በልብነ ድንግል ዘመን መጣ። የአዳሉ ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም በ1521 ዓ.ም. በሽምብራ ቁሬ ድል ካደረጉ በኋላ ጦራቸው ወደ አምሐራ ምድር ወጣ። የመካነ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለ፤ የሐይቅ ገዳም ዘመናት ያከማቸው ንዋይ ተወሰደ። ግሸንን ግን ቢሞክሩትም ገደሉ መለሳቸው። በ1532 ዓ.ም. ዳግመኛ መጥተው አምባውን ያዙ። ጠባቂዎቹም እስረኞቹም አብረው አለቁ። 250 ዓመት ያህል ዙፋኑን ከወንድሞች የጠበቀው አጥር ወንድሞቹን ከጠላት አላዳነም፤ በሩ አንድ ብቻ ስለነበረ ማምለጫም አልነበረም። ልብነ ድንግል በመስከረም 1533 በደብረ ዳሞ፣ አባ ኢየሱስ ሞዐ ከተነሡበት አምባ ላይ፣ ስደተኛ ሆነው ዐረፉ።

ከዚህ ወዲያ ያለውን በአጭሩ እናልፋለን። የነገሥታቱ ከተማ ወደ ጣና ዙሪያና ወደ ጎንደር ሄደ፤ በአፄ ፋሲል ዘመን ወኅኒ አምባ የግሸንን ሥራ ወረሰ። በዚያው ዘመን በፈረንሳይ ሉዊ 14ኛ በሕፃንነቱ መኳንንቱና ሕዝቡ ሲያምፁበት አይቶ አደገ፤ ያ ዐመፅ እ.ኤ.አ. ከ1648 እስከ 1653 የቆየ ነው። ካደገ በኋላ በቬርሳይ ቤተ መንግሥት አሠርቶ በ1682 ሸንጎውን ወደዚያ አዛወረ፤ መስፍኖቹን እያበላና እያስጨፈረ፣ ጠዋት ሸሚዙን ለማቀበል ሲሽቀዳደሙ እያየ ከግዛታቸው አራቃቸው። በ1685 ደግሞ ፕሮቴስታንቶች ያመልኩበት የነበረውን ፈቃድ ሻረ። የእሱም ግቢ አምባ ነው፤ ገደሉ ግን ሐርና ሻማ ነበረ። ከጀርባው ግብር የሚቆጥሩ፣ መንገድ የሚመረምሩ፣ ለንጉሡ ብቻ የሚጽፉ ሹሞች በየአውራጃው ነበሩት፤ ዘርዐ ያዕቆብ ያላገኙት ይህን ነው።

አምባሰል ግን ከመንግሥት ነገር አልተለየችም። አምባውን የሚገዛው ቤት ጃንጥራር የሚለውን የጥንት ማዕረግ እየተቀባበለ እስከ ኻያኛው መቶ ዘመን ደረሰ። ከጃንጥራሮቹ አንዱ ጃንጥራር አስፋው ይባላሉ፤ የወሎውን የንጉሥ ሚካኤልን ልጅ ወይዘሮ ስኂንን አግብተው መነንን ወለዱ። መነን የራስ ተፈሪ ሚስት፣ ኋላም እቴጌ ሆኑ። ባላቸው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የአገሪቱን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ፈረሙ። በዚያ ሕግ የንጉሠ ነገሥቱ አካል ቅዱስ፣ ክብሩ የማይደፈር ሆነ፤ ዘውዱም ከሳቸው ዘር እንዳይወጣ ተጻፈ። ዘርዐ ያዕቆብ በጠበልና በጅራፍ የፈለጉት ነገር አሁን በወረቀት፣ በሚኒስቴር፣ በደመወዝተኛ ሹም ጸና።

ሕጉ ሲፈረም የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ ልጅ ኢያሱ፣ በፍቼ ታስረው ነበር። የእቴጌይቱ አጎት ናቸው፤ ዘውድ ሳይጭኑ ነግሠው በ1909 የተሻሩት። በ1924 ዓ.ም. ከፍቼ አመለጡ፣ ብዙም ሳይርቁ ተያዙ። ከዚያ በኋላ የወሰዷቸው ወደ ሐረርጌ ነው፤ ጋራ ሙለታ ወደሚባል ተራራ። በ1928 መጀመሪያ፣ የጣሊያን ጦር በሰሜን ሲገባ፣ እዚያው ተራራ ላይ ሞቱ።